ድንጋይ ልብሷ ሳይጠነክር

ከሐዋሳ ወደ ዲላ በሚወስደው መንገድ ቱላ ደርሶ ከአስፋልቱ ገባ ያለ ሰው ወዲያው ገጠር ውስጥ ይገኛል። ቱላ ከሐዋሳ ክፍለ ከተሞች አንዱ ይሁን እንጂ ግቢዎቹ ዛሬም በእንሰት የተከበቡ ናቸው። ከእንሰቱ ሥር ቡና፣ ከቡናው አለፍ ብሎ ጫት፣ አጥር ጥግ ላይ አቮካዶ። ከእነዚህ ግቢዎች ባንዱ፣ ማድ ቤቱ በር ላይ በተቀመጠ ቀይ የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ውስጥ፣ አንዲት የኤሊ ጫጩት አፍንጫዋን ፕላስቲኩ ላይ አስደግፋ ትገፋለች። ትንሸራተታለች፤ ተነሥታ ደግሞ ትገፋለች። ርዝመቷ ከአምስት ሴንቲ ሜትር ብዙም አይበልጥም። ቢጫ መደብ ባለው ቅርፊቷ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ተረጭቷል።

የቤቱ ልጅ አጎት የከባድ መኪና ሹፌር ነው። ከሞያሌ ሲመለስ ያቤሎን አለፍ እንዳለ መንገድ ዳር አገኛት፤ ካርቶን ውስጥ ከትቶ ለእህቱ ልጅ ስጦታ ይዞለት መጣ። ልጁ ገና አሥር ዓመቱ ነው። አያቱ ስለዚያች ቀን ሲያጫውቱኝ፣ «እኔማ ሞታለች ብዬ ነበር» አሉኝ። «ካርቶኑ ሲከፈት ጭንቅላቷ የለ፣ እግሯ የለ። ውሃ ጠብ ሲያደርግባት ጊዜ ነው ብቅ ያለችው።»

«ምን አበላችኋት፣ እማማ?»

«የምንበላውን ነዋ፣ ልጄ! እንጀራ በወተት አረጠብንላት። ቆጮም ቀመሰች። አትበላም እንዳትል ትበላለች።»

እዚህ ላይ ነው ነገሩ። በቤት ያለች የኤሊ ጫጩትን በአብዛኛው የሚገድላት ሰው ከልቡ አስቦላት የሰጣት ነገር ነው። እንጀራ በወተት የሰጧት ቀን ትበላለች፤ በሳምንቱም ትበላለች፤ በወሩም ደህና ትመስላለች። ዶሮ ብትታመም በማግስቱ ላባዋን አንጨባርራ ትታያለች። ኤሊ ግን ሰውነቷ የሚሠራው በዝግታ ስለሆነ ሕመሟም በዝግታ ነው የሚመጣው። ያጎደሉባት ፀሐይ፣ ካልሲየምና ውሃ ከወራት በኋላ ቅርፊቷ ላይ ይወጣል። ያኔ ተጣሞ የደረቀውን አጥንት ማንም መልሶ አያቃናውም። የኤሊ ጫጩት ማሳደግ እንግዲህ ገና ያልታየን ጉዳት አስቀድሞ መከላከል ነው።

ቅርፊቱን ብዙ ሰው ከላይ የተጫነ ድንጋይ አድርጎ ነው የሚያስበው። ቅርፊቱ አጥንት ነው፤ የጎድን አጥንቷና አከርካሪዋ ተዘርግተው ገጥመው የሠሩት፣ ከላዩ እንደ ጥፍራችን ባለ ቀንዳማ ገበታ የተሸፈነ፣ ደምና ነርቭ ያለው የገዛ አካሏ ነው። ሲነኳት ይሰማታል። እንዳትጠፋ ብለው የቅርፊቷን ጠርዝ በምስማር በስተው ገመድ የሚያስሩባት ሰዎች ሕያው አጥንት እየበሱ መሆኑን ቢያውቁ አያደርጉትም ነበር። ከእንቁላል የወጣች ሰሞን ይህ አጥንት ገና ሙሉ ለሙሉ አልጠነከረም፤ በጣት ቀስ ብለው ቢጫኑት ትንሽ እሺ ይላል። ያ ተፈጥሮዋ ነው። እያደገች ስትሄድ እየጠነከረ መምጣት አለበት። ወራት አልፈው ያው ለስላሳ ከሆነ፣ ወይም ጠንክሮ የነበረው መልሶ ከላላ፣ አጥንቷ እየተበላ ነው።

የቱላዋ ጫጩት ከምሥራቅና ከደቡብ አፍሪካ የየብስ ኤሊዎች በብዛት የምትታወቀው ዓይነት ናት። በነጠብጣቧ የተነሣ የነብር ስም የወጣላት ሲሆን ሳይንሳዊ መጠሪያዋ ስቲግሞኬሊስ ፓርዳሊስ ነው። ከሱዳንና ከኢትዮጵያ ጀምሮ እስከ ደቡብ አፍሪካ ትገኛለች። አዋቂዋ በአማካይ 40 ሴንቲ ሜትር ያህል ትሆናለች። የኢትዮጵያና የሶማሌ ምድር ኤሊዎች ግን ከሌላው አካባቢ ዘመዶቻቸው እጅግ ይገዝፋሉ፤ 70 ሴንቲ ሜትርና 40 ኪሎ ግራም የደረሱ አሉ። ሳፋ ውስጥ ያለችው ፍጥረት ዕድሜ ከሰጣት እዚህ ልትደርስ የምትችል መሆኗን ለአያትየው ስነግራቸው፣ «በል እንግዲህ፣ በግ ልታክል ነዋ!» ብለው ሳፋውን አዲስ ነገር እንዳዩ ሁሉ ጎንበስ ብለው ተመለከቱት።

ወደዚህች ምድር የመጣችበት መንገድም ቀላል አይደለም። እናቲቱ በኋላ እግሯ ጉድጓድ ቆፍራ እንቁላሎቿን ትቀብርና ትሄዳለች፤ ዞራ አታይም። እንቁላሉ ከ8 እስከ 15 ወር አፈር ውስጥ ይቆያል። ወንድ ወይም ሴት መሆኗን የሚወስነው የአፈሩ ሙቀት ነው፤ ቀዝቀዝ ካለ ወንዶች፣ ሞቅ ካለ ሴቶች ይበዛሉ። ጫጩቷ አፍንጫዋ ጫፍ ላይ ባለች ጥርስ መሰል ሹል ቅርፊቱን ሰብራ ትወጣለች። ዝናብ መሬቱን እስኪያለሰልስላት ድረስ እዚያው አፈር ውስጥ ልትጠብቅ ትችላለች። ከወጣችም በኋላ ሜዳ ላይ አትንጎማለልም። ሣር ሥር፣ ቁጥቋጦ ሥር፣ እርጥበት ያለበት ጥግ ገብታ ትደበቃለች። አዋቂዋን ቆላ ሜዳ ላይ በጠራራ ፀሐይ ስትጓዝ ያየ ሰው ጫጩቷም ደረቅ ነገር የምትወድ ይመስለዋል። ብዙ የቤት ኤሊ የተጎዳው በዚህ ግምት ነው።

ጀርባቸው ላይ እያንዳንዱ ገበታ እንደ ትንሽ ኮረብታ ሾጥጦ የወጣ ኤሊዎች በየግቢው ይታያሉ። ለረጅም ጊዜ ይህ የሚመጣው ፕሮቲን ከበዛ ምግብ ነው ሲባል ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ የቪየና ተመራማሪዎች ጥናት ግን ሌላ ነገር አሳየ። ጥናቱ የተደረገው ሱልካታ በሚባለው፣ በእኛም አገር በሚገኘው ግዙፍ የየብስ ኤሊ ጫጩቶች ላይ ነው። ፕሮቲኑ ቢበዛም ቢያንስም ለውጡ ትንሽ ነበር። በደረቅ አየር ያደጉት ጀርባቸው ሾጠጠ፤ በእርጥብ አየር ያደጉት ለስላሳ ሆኖ አደገ። ጫጩት እርጥበት ትፈልጋለች ማለት ነው፤ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት።

ለዚህ ቱላ የተመቸ ቦታ ነው። እንሰት ሥር ያለው አፈር በበጋም እርጥበቱን ይይዛል፤ የወደቀው ደረቅ ቅጠል መደበቂያ ይሆናል። ለትንሿ ኤሊ በሲሚንቶ ወለልና በባዶ ፕላስቲክ ፈንታ የጓሮ አፈር አንድ ሁለት ጣት ያህል ጥልቀት ተደልድሎ፣ ውሃ ርከፍ ርከፍ እየተደረገበት፣ ባንዱ ጥግ የእንሰት ቅጠል ተከምሮበት ቢሰጣት ለቤቷ ይህ ይበቃል። መጨቅየት ግን የለበትም። ጭቃና ብርድ አንድ ላይ ሲገጥሙ ሳንባዋን ይመቷታል።

ልጁ ሳፋውን አጥቦ ለብ ያለ ውሃ እንዲያደርግበት ነገርኩት። ጥልቀቱ አገጯ ሥር እስኪደርስ ብቻ ነው፤ ቆማ ጭንቅላቷን ከውሃው በላይ መያዝ አለባት። ቀስ አድርጎ አስገባት። ለጥቂት ጊዜ ምንም አልሆነችም። ቀጥሎ አንገቷን አወጣች፣ ዘረጋችው፣ አፍንጫዋን ውሃው ውስጥ ነከረች። ጉሮሮዋ ወደ ውስጥ ይገባል፣ ይወጣል፣ ይገባል፣ ይወጣል። ልጁ «እየጠጣች ነው! እየጠጣች ነው!» እያለ አያቱን ጠራ። ስትጨርስ ከጅራቷ ሥር ነጭ፣ ኖራ የመሰለ ዝቃጭ ለቀቀች። አያትየው ደነገጡ። የሚያስደነግጥ ነገር የለውም፤ የሽንቷ ጨው ነው። የውሃ እጥረት ያለባት ኤሊ ይህ ነጭ ነገር እንደ አሸዋ ይሻክርባታል፤ ሲብስ ፊኛዋ ውስጥ ድንጋይ ይሆናል። እንደ ወተት ፈሳሽና ለስላሳ ሆኖ ከወጣ ደህና ናት። በዚህ ዕድሜ ላይ በየቀኑ ወይም በየሁለት ቀኑ ለ15 ወይም ለ20 ደቂቃ እንዲህ ብትነከር ሌላ ብዙ ልፋት ይቀራል። ካወጧት በኋላ ጠራርጎ ማድረቅ፣ ውሃውንም ከማድ ቤት አርቆ መድፋት ነው።

ፀሐይን በተመለከተ አውሮፓና አሜሪካ ያሉ አሳዳጊዎች በውድ ዋጋ የሚገዙትን እኛ በነጻ አለን። ኤሊ ካልሲየምን ከምግቧ ወስዳ አጥንት ውስጥ ለማስገባት ቫይታሚን ዲ ያስፈልጋታል፤ ያንንም ቆዳዋ የሚያዘጋጀው በፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር ነው። ባሕር ማዶ ለዚህ ልዩ አምፖል ይገዛሉ፤ አምፖሉም ጊዜ ሲያልፍበት ብርሃኑ እያለ ጨረሩ ይሞትና መቀየር አለበት። እዚህ የጠዋትና የማታ ፀሐይ ይበቃል። ዋናው ነገር ጨረሩ በመስታወት አለማለፉ ነው። መስኮት ሥር አስቀምጠው «ፀሐይ እያገኘች ነው» የሚሉ ሰዎች ሙቀቱን እንጂ መድኃኒቱን አልሰጧትም። ሌላው አደጋ ደግሞ ተቃራኒው ነው። ጫጩት ጥላ በሌለው ሳፋ ውስጥ እኩለ ቀን ላይ ብትረሳ በአጭር ጊዜ ውስጥ ተቀቅላ ትሞታለች። የትም ትቀመጥ የት፣ ግማሹ ፀሐይ ግማሹ ጥላ መሆን አለበት፤ ሰውነቷን የምታሞቀውና የምታቀዘቅዘው ራሷ ቦታ እየቀያየረች ነውና።

ስለ ምግብ ብዙ መናገር ይቻላል፤ ግቢው ውስጥ የሞላውን ያህል የማይሆናትም አለ። የተፈጠረችው ሣር ለመብላት ነው። ሰርዶ በጥሩ ተከታትፎ፣ ለስላሳ የሜዳ አረም፣ እሾሁ የተነቀለለት የበለስ ቅጠል፣ እሬት፣ የሂቢስከስ አበባና ቅጠል ይስማሟታል። የበለሱን ነገር ሳነሣ ግን አጥር ላይ የሚተከለው፣ ሲቆረጥ ነጭ ወተት የሚያፈሰው ቁልቋል ፈጽሞ እንዳይሰጣት፤ ያ ወተት ዓይንና አፍ ያቃጥላል። ጎመን አልፎ አልፎ ይሁን፤ ዘወትር ከሆነ የእንቅርት ዕጢዋን ይነካል። ቆስጣ ካልሲየሙን አስሮ ያስቀርባታል። ሰላጣ ውሃ ብቻ ነው። ማንጎና ፓፓያ ስትበላ ደስ ሲላት ማየት ለልጆች ያጓጓል፤ ስኳሩ ግን ሣር የሚፈጩላትን የሆድ ዕቃዋን ጥቃቅን ተሕዋስያን ያበላሻል። እንጀራ፣ ቆጮ፣ ዳቦ፣ ወተትና ሥጋ ከነአካቴው ይቅሩ።

የቱላ ግቢ ለኤሊ የሚያሰጋ የራሱ ነገር አለው። አቮካዶ በሲዳማ የማይገኝበት ግቢ ጥቂት ነው፤ ቅጠሉና ልጣጩ ፐርሲን የሚባል መርዝ አለው፤ ፍየልና ወፍ ይገድላል፤ ኤሊም እንዳትደርስበት። ጫት ላይ ተባይ ማጥፊያ ይረጫል፤ ከጫቱ ሥር የበቀለውን ሣር አጭዶ መስጠት መርዙን ማጉረስ ነው። ጉሎ፣ አስተናግርና የወፍ ቆሎ አጥር ሥር ከበቀሉ የምትውልበትን ቦታ ከእነርሱ ማራቅ ያስፈልጋል። ኤሊ መራራውን ከመርዙ ትለያለች ብሎ መታመን አይበጅም።

ለካልሲየሙ ባሕር ማዶ በቆርቆሮ የታሸገ ዱቄት ይሸጣል። እዚህ የእንቁላል ቅርፊት አፍልቶ፣ አድርቆ፣ በሙቀጫ አልሞ በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን ሣሯ ላይ መነስነስ ይበቃል። ዱር ያሉት ኤሊዎችም ይህንኑ ይፈልጋሉ፤ የደረቀ አጥንት ሲግጡ፣ ጅብ አጥንት ቆርጥሞ የጣለውን ነጭ ዓይነ ምድር ሲበሉ ይታያሉ። አያትየው ይህን ሲሰሙ ፊታቸውን አጨፈገጉና ጥቂት ቆይተው፣ «ላሟስ አጥንት ስታገኝ ትቆረጣጥም የለ? ያው ነው» አሉ። በትክክልም ያው ነው፤ ማዕድን ያነሳት ከብት አጥንት የምታኝከው ለዚሁ ነው።

ሌሊት ሌላ ፈተና ነው። ይህ ዓይነት ኤሊ ብርድ ሲመጣ አፈር ገብቶ ከርሞ የሚወጣ አይደለም፤ የአየሩ ቅዝቃዜ ዓመቱን ሙሉ ነቅታ ያገኛታል። ከቦረና ቆላ የመጣች ጫጩት በቱላ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ውጭ ብታድር አትችለውም። ማታ ቤት ትግባ። ሳጥን ውስጥ ደረቅ ሣር፣ ከጎኗ ሙቅ ውሃ የተሞላ የሃይላንድ ፕላስቲክ በጨርቅ ተጠቅልሎ ይቀመጥላት። መብራት ይጠፋል፤ ሃይላንዱ አይጠፋም። ከ20 ዲግሪ በታች ባይወርድባት ጥሩ ነው። አፍንጫዋ ላይ አረፋ ከታየ፣ አፏን ከፍታ አንገቷን ዘርግታ የምትተነፍስ ከሆነ ብርዱ ሳንባዋ ደርሷል፤ ይህ ሐኪም የሚያስፈልገው ነው። ቀንም ቢሆን ያለ ሽቦ መረብ ክዳን ውጭ አትተው። ሐዋሳ የትልቁ ወፍ የአባ ኮዳ አገር ናት፤ ቁራና ጭልፊትም ሞልቷል። ውሻና አይጥም አሉ። ከሁሉ የሚከፋው ግን በሌሊት የሚመጣ ጉንዳን ነው፤ ሳጥኗ መሬት ላይ ካለ ሳትንቀሳቀስ ይጨርሳታል።

አንድ ነገር ጮክ ብሎ መነገር አለበት። ለከብት፣ ለበግና ለፍየል መዥገርና ትል የሚወጋው አይቨርሜክቲን በየእንስሳት መድኃኒት ቤቱ አለ። ለኤሊ ገዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 የታተመ ጥናት በዚሁ ነብርማ ኤሊ ላይ ጭምር አሳይቶታል፤ አንጎሏ ውስጥ ገብቶ ሽባ ያደርጋታል፣ ትሞታለች። ከቆላ የመጣች ኤሊ መዥገር ይዛ ልትመጣ ትችላለች፤ መዥገሩ በወረንጦ እየተነቀለ መገደል አለበት። ጉዳዩ ለኤሊዋ ብቻ አይደለም። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2000 የዚህችን ኤሊ፣ የሱልካታንና የአንድ ሌላ አፍሪካዊ ኤሊ ዓይነት ማስገባት የከለከለችው፣ ከብትና በግ የሚገድለውን ሃርትዋተር የሚባል በሽታ የሚያስተላልፉ መዥገሮች ተጣብቀውባቸው ስለተገኙ ነው። ላም ያለበት ግቢ ይህን ልብ ይበል። ልጆች ደግሞ ነክተዋት ሲጨርሱ እጃቸውን በሳሙና ይታጠቡ፤ ጤነኛ የምትመስል ኤሊም ሳልሞኔላ ተሸክማ ትኖራለች። አሜሪካ ቅርፊታቸው ከ10 ሴንቲ ሜትር ያነሰ ኤሊዎች እንዳይሸጡ እ.ኤ.አ. በ1975 ያገደችው ሕፃናት አፋቸው ውስጥ እየከተቷቸው ስለታመሙ ነበር። ሕክምና ካስፈለገ ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ፋኩልቲ አለው፤ ከመርፌ በፊት እዚያ መጠየቅ ይሻላል።

ይህ ሁሉ ተሟልቶ ኤሊዋ ብታድግስ? ሴንት ሄሌና ደሴት ላይ የሚታወቀው ግዙፉ ኤሊ ዮናታን እ.ኤ.አ. በ1832 ገደማ እንደተፈለፈለ ይገመታል፤ ከዳግማዊ ምኒልክ በዕድሜ ይበልጣል ማለት ነው። ዮናታን የሌላ ዝርያ ነው። የእኛዋ ግን ሃምሳ ዓመት አልፋ ልትኖር ትችላለች። የአሥር ዓመት ልጅ የተቀበላት ኤሊ እርሱ አያት ሲሆን አጠገቡ ልትኖር ትችላለች። እኔ ከዚህ ሁሉ በኋላ የምለው፣ ዱር ያለች የኤሊ ጫጩት ስጦታ ልትሆን አይገባም ነው። ሕጉም ይህንኑ ይላል፤ የዱር እንስሳን ያለ ፈቃድ መያዝ ይከለክላል። አገራችን እ.ኤ.አ. ከ1989 ጀምሮ አባል የሆነችበት ሳይተስ የተባለው ዓለም አቀፍ ስምምነትም ይህችን ዝርያ ንግዷ ቁጥጥር ከሚደረግበት መዝገብ ውስጥ አስፍሯታል።

ይህን ስነግራቸው አያትየው ወዲያው፣ «እንግዲያ ሐይቁ ዳር ወስደን እንልቀቃት» አሉ። ብዙ ሰው እንዲህ ያስባል፤ ሐሳቡም የደግ ሰው ሐሳብ ነው። ግን ይህች የየብስ ኤሊ ናት፤ ሐዋሳ ሐይቅ ውስጥ ብትጣል ልትሰጥም ትችላለች። የሐዋሳው ታቦር ተራራ ላይ መልቀቅም ያው ነው፤ ከመጣችበት ምድር የተለየ ቦታ፣ ምናልባትም ከሰው ቤት የያዘችውን በሽታ ይዛ። ትክክለኛው መንገድ ለኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ማሳወቅ ነው። ሆለታ አጠገብ ቦርን ፍሪ የሚያስተዳድረው እንሰሳ ኮቴ የተባለ ማዕከል አለ፤ ከሰው እጅ የተወሰዱ አንበሶችን፣ አቦሸማኔዎችን፣ ጦጣዎችንና ኤሊዎችን ተቀብሎ ይንከባከባል። ልጁ ሊያለቅስ ደርሶ ነበር። አያቱ፣ «እስክትሄድ ድረስ ያንተ ናት፤ ሣሩን አንተ ታጭዳለህ» ሲሉት ማጭድ ፍለጋ ተነሣ።

አጎትየው ወደ ቤት ሲያመጣት ክፉ አላሰበም። አስፋልት ላይ ብትቀር መኪና ይደፈጥጣታል ብሎ ነው ያነሣት፤ በዚህም ልክ ነበር። ሌላ ጊዜ ግን መንገድ ላይ ኤሊ ያገኘ ሹፌር መኪናውን ዳር አቁሞ፣ በሁለት እጁ ከጎንና ከጎን ይዞ፣ ከመሬት ብዙ ሳያርቅና ሳይገለብጣት፣ ስትሄድበት ወደነበረው አቅጣጫ አስፋልቱን ያሻግራት። ወደ መጣችበት ቢመልሷት ዞራ መንገድ ትገባለች። መሸከሙ አጭር ይሁን፤ ኤሊ ስትደነግጥ ፊኛዋ ውስጥ ያጠራቀመችውን ውሃ ትለቃለች፤ በቦረና በጋ ደግሞ ያ ውሃ እስከ መጪው ዝናብ የምትኖርበት ስንቋ ነው። ከአስፋልቱ ጥቂት ሜትር ራቅ አድርጎ፣ ቁጥቋጦ ሥር አስቀምጦ ወደ መኪናው ይመለስ።